ትንፋሽን የለካው ላቯዚዬ
አንቷን ላቯዚዬ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1743 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። ሕግ ቢማርም ልቡ ያዘነበለው ወደ ኬሚስትሪ ነበር። ስለ ኦክሲጅን ያደረገውን ምርምር ተማሪ ሁሉ ስለሚያውቀው እናልፈዋለን። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ከ1789 ጀምሮ ከረዳቱ ከሴጌን ጋር የሠራው ነው። ሴጌን ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ በእግሩ ክብደት ያነሣል፤ ላቯዚዬ የሚፈጀውን ኦክሲጅን ይለካል፤ ባለቤቱ ማሪ የሥራውን ሁኔታ በሥዕል ትነድፋለች። ሥራ የያዘ ሰው ካረፈው ይልቅ እጅግ ብዙ ኦክሲጅን እንደሚፈጅ በዚህ ታወቀ። ሊቁም ሰውነቱ እንደ ማገዶ አብልጦ የሚነደው ድኻው ሠራተኛ ሆኖ ሳለ፣ ጠግቦ የሚያድረው ሥራ ፈቱ ባለጸጋ መሆኑን አስተውሎ ጻፈ። ነገሩ የሚገርመው ግን ራሱ ላቯዚዬ ሀብት ያገኘው ከዚያው ድኻ ግብር ከሚሰበስብ ማኅበር ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ይኸው ማኅበርተኝነቱ ወንጀል ሆኖበት በ1794 በሜይ 8 ቀን በጊዮቲን ተቀላ። ሳያሳትም የተወውን ጽሑፍ ማሪ ሰብስባ ለኅትመት አበቃችው።