ሃርሎ ሻፕሊ፦ የሉላዊ ክምችቶች መርማሪ

በግንቦት ምሽት በሉማሜ አናት ላይ በሰንቡላ የሚገኘው ግዙፍ ሞላላ ጋላክሲ ኤም 87 ያልፋል። በዙሪያው ከ10,000 በላይ ሉላዊ የከዋክብት ክምችቶች አሉ፤ ፍኖተ ሐሊብ ያሏት 150 ገደማ ብቻ ናቸው። የእነዚህን ጥቂቶች ፋይዳ ያስተዋለው ሃርሎ ሻፕሊ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1885 በአሜሪካ ሚዙሪ የተወለደው ሻፕሊ የወንጀል ዜና ዘጋቢ ነበር፤ ወደ ሥነ ፈለክ የገባው ዘግይቶ ነው። ከ1914 ጀምሮ በማውንት ዊልሰን ሆኖ፣ ብርሃናቸው በየጊዜው በሚደምቅና በሚደበዝዝ ከዋክብት አማካይነት የክምችቶቹን ርቀት ለካ። አብዛኞቹን በቀውስ አቅጣጫ ተሰብስበው ስላገኛቸው፣ ፀሐይ ከፍኖተ ሐሊብ ማዕከል የራቀች መሆኗን በ1918 አስረዳ።

ብርሃን የሚያደበዝዘውን የህዋ አቧራ ግን ከስሌቱ አላስገባም፤ ጋላክሲያችንንም ሦስት እጥፍ ያህል አገዘፋት። በ1920 ከሄበር ከርቲስ ጋር ሲከራከር ጠምዛዛ ኔቡላዎች ራሳቸውን የቻሉ ጋላክሲዎች አይደሉም ያለው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። በእኔ ግምት ስሕተቱም ግኝቱም ከአንድ ልኬት የፈለቁ ናቸው። በ1924 የኤድዊን ሐብል ማስረጃ ሲደርሰው አቋሙን ለወጠ።

ዊልያም ባውም የኤም 87ን ክምችቶች በ1955 ሲለይ፣ ሻፕሊ የሃርቫርድ የምርምር ጣቢያ ኃላፊነቱን ከለቀቀ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። በ1972 ዐረፈ።