አርተር ዋርተን፤ ከክለብ ወደ ክለብ የዞረው በረኛ

የስፖርት ታሪክ በአብዛኛው ዋንጫ ያነሡትን ያስታውሳል። ለዕለት እንጀራው በየሳምንቱ የሚሰለፈውና ክለቡ ሲከስር ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ክለብ የሚፈልገው ባለሙያ ግን ብዙውን ጊዜ ይረሳል። የአርተር ዋርተን ሕይወት ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው።

ዋርተን በ1865 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በጎልድ ኮስት፣ በዛሬይቱ ጋና፣ በአክራ ጄምስታውን ተወለደ። አባቱ ሄንሪ ዋርተን ከግሬናዳ ደሴት የመጡ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሲሆኑ፣ እናቱ ደግሞ ከፋንቲ ሕዝብ የነገሥታት ወገን ነበሩ። ወጣቱ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የአባቱን ፈለግ እንዲከተል ነበር። ሆኖም በዳርሊንግተን ከተማ ሲማር ልቡ ወደ ስፖርት አዘነበለ። በሐምሌ 1886 ለንደን ውስጥ በስታምፎርድ ብሪጅ 100 ያርድ በ10 ሴኮንድ ሮጦ የእንግሊዝ አማተሮች ሻምፒዮን ሆነ፤ በተከታዩም ዓመት ድሉን ደገመ።

በእግር ኳስ ሜዳ የተሰለፈው በበረኛነት ነው። በዚያን ጊዜ ደንብ በረኛ በራሱ ቡድን የሜዳ አጋማሽ ሁሉ ኳስን በእጁ መንካት ይችል ስለ ነበር፣ ፍጥነቱና የቡጢው ኃይል ስም አስገኙለት። ከዳርሊንግተን ወደ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ተዛውሮ በ1887 ለኤፍ ኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ ነገር ግን ቡድኑ በዌስት ብሮሚች አልቢዮን ተሸነፈ። አንዳንድ ጋዜጠኞችም ከአጨዋወቱ ይልቅ የቆዳውን ቀለም መሳለቂያ ያደርጉት ነበር። በ1888 ከፕሬስተን ተለየ፤ ፕሬስተን ሊጉንና ዋንጫውን ያለ ሽንፈት የጠቀለለው በዚያው በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ነው።

በ1889 ለሮዘራም ታውን በደመወዝ መጫወት ጀመረ። በዚህም ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። በ1894 ወደ ሼፊልድ ዩናይትድ ሄደ፤ ግን ግዙፉ በረኛ ዊልያም ፎልክ ቦታውን ስለ ያዘ ለዋናው ቡድን የተሰለፈው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሮዘራም ተመለሰ፤ ቀጥሎም ወደ ስቴሊብሪጅ ሮቨርስና ወደ አሽተን ኖርዝ ኤንድ ተዛወረ። አሽተን በ1899 ሲከስር እንደገና ስቴሊብሪጅ ገባ። በመጨረሻ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ለስቶክፖርት ካውንቲ ተጫውቶ በ1902 ሜዳውን ተሰናበተ።

ከዚህ ሁሉ አገልግሎት በኋላ ጡረታም ሆነ ደጋፊ አልነበረውም። በ1898 የተቋቋመው የተጫዋቾች ማኅበር ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ ፈርሷል፤ እስከ ዛሬ የዘለቀው ማኅበር በማንችስተር የተመሠረተው ደግሞ በ1907 ነው። ዋርተን በዮርክሻየር የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ገብቶ የጉልበት ሠራተኛ ሆነ። በታኅሣሥ 1930 በ65 ዓመቱ አርፎ በኤድሊንግተን ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ።

የመቃብር ድንጋይ የቆመለት በ1997 ነው። በ2003 በእንግሊዝ እግር ኳስ የክብር መዝገብ ስሙ ሰፈረ፤ በ2014 ደግሞ የብሔራዊው እግር ኳስ ማዕከል በሆነው ሴንት ጆርጅስ ፓርክ ሐውልት ተተከለለት።

ክብሩ ዘግይቶም ቢሆን መምጣቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ድንጋዩና ሐውልቱ የማዕድን ሠራተኛውን የእርጅና ዘመን አላቀለሉለትም። የሙያ ማኅበር ተቀዳሚ ግዴታም ባለሙያውን በሕይወት ሳለ ማሰብ መሆኑን የዋርተን ታሪክ ያስተምራል።