አንድርያ ሞሆሮቪቺች፦ የአህጉራትን ጥልቀት በርዕደ መሬት ሞገድ የለኩ ሳይንቲስት

አንድርያ ሞሆሮቪቺች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1857 በዛሬዋ ክሮኤሺያ፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው ቮሎስኮ ተወለዱ። አባታቸው የመርከብ መልሕቅ የሚሠሩ አንጥረኛ ነበሩ። ሞሆሮቪቺች በፕራግ ሒሳብና ፊዚክስ ካጠኑ በኋላ በባካር የባሕርተኞች ትምህርት ቤት አስተማሩ። እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ የዛግሬብን የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ የመሩ ሲሆን፣ ጣቢያው ከአየር ጠባይ ክትትል በተጨማሪ ዘመናዊ የርዕደ መሬት መመዝገቢያ መሣሪያዎች እንዲኖሩት አደረጉ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1909 ከዛግሬብ በስተደቡብ በኩፓ ወንዝ ሸለቆ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ሞሆሮቪቺች በራሳቸው ጣቢያ መዝገብ ሳይወሰኑ ከልዩ ልዩ የአውሮፓ ጣቢያዎች መረጃ አሰባሰቡ። መዝገቦቹን ሲያነጻጽሩም አንድ ዓይነት ሞገድ በተወሰነ ርቀት ላይ ወደሚገኙ ጣቢያዎች ሁለት ጊዜ መድረሱን አስተዋሉ። አንደኛው በላይኛው አለት ውስጥ ብቻ ተጉዟል፤ ሁለተኛው ግን ወደ ጥልቁ ወርዶ ሞገድን ይበልጥ በሚያፈጥን አለት ውስጥ አልፏል። የሁለቱ አለቶች ወሰን 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ እንደሚገኝም አሰሉ። የምድርን ቅርፊት ከማንትል የሚለየው ይህ ወሰን ዛሬ በስማቸው ሞሆ ተብሎ ይጠራል።

የግኝቱ ጥቅም ከፍተኛ ነው። በጥንታዊው የባልቲክ አህጉራዊ አለት ላይ በኮላ የተቆፈረው እጅግ ጥልቅ ጉድጓድ እንኳ ከ12 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። የአህጉራት ቅርፊት ግን በአማካይ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ስላለው፣ ሥሩ የሚታወቀው በሞገድ ጥናት ነው። በኢትዮጵያም በዚሁ ዘዴ በተካሄዱ ጥናቶች ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ ያለው ደጋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ቅርፊት ላይ እንደተቀመጠ፣ በሰሜን አፋር ግን ቅርፊቱ ከ20 ኪሎ ሜትር በታች የሚሳሳባቸው ሥፍራዎች እንዳሉ ታውቋል።

ሞሆሮቪቺች ዕውቀታቸውን ለሕዝብ ደኅንነትም አውለዋል። የመሬት መንቀጥቀጥ በሕንፃዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጥንተው፣ ግንባታ መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም አስቀድሞ መታቀድ እንዳለበት አስተምረዋል። ይህ ትምህርት በስምጥ ሸለቆና በአካባቢው ቤት ለሚሠራ ዜጋ ዛሬም የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሞሆሮቪቺች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1936 በዛግሬብ ዐረፉ። በጥንቃቄ የተያዘ የመንግሥት ጣቢያ መዝገብ ለሳይንስም ሆነ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠውን ጥቅም በሥራቸው ያስመሰከሩ ሊቅ በመሆናቸው ሲታወሱ ይኖራሉ።