ኤላይጃ ማኮይና የማለስለሻ ዘይት ጥበብ

በማናቸውም መኪና ውስጥ ብረት በብረት ላይ ሲንቀሳቀስ ሰበቃ ይፈጠራል፤ ሰበቃ ሙቀትን፣ ሙቀትም የብረትን መበላት ያስከትላል። ይህን የሙያችንን የዘወትር ጠላት ለመግታት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ኤላይጃ ማኮይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኮይ በ1844 በካናዳ፣ በኦንታርዮ ክፍለ ሀገር፣ ኮልቼስተር በተባለ ሥፍራ ተወለደ። ወላጆቹ በኬንታኪ በባርነት ቀንበር ሥር ከኖሩ በኋላ አምልጠው ወደ ካናዳ የተሻገሩ ጥቁሮች ነበሩ። የልጃቸውን ዝንባሌ ስለ ተረዱ ገና በ15 ዓመቱ ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ኤድንበርግ ከተማ ላኩት፤ በዚያም የመካኒካል ምሕንድስናን ሙያ ቀሰመ። ቤተሰቦቹ ወደ ሰፈሩበት ወደ ሚሺጋን በተመለሰ ጊዜ ግን ከዕውቀቱ አስቀድሞ የታየው የቆዳው ቀለም ነበር። መሐንዲስ አድርጎ የሚቀጥረው አጥቶ በሚሺጋን ሴንትራል የምድር ባቡር ከሰል ጨማሪና ዘይት አጠጪ ሆኖ ሥራ ጀመረ።

የዚያን ዘመን ባቡር በየመንገዱ እየቆመ፣ ዘይት አጠጪው ቆርቆሮውን ይዞ በተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ሁሉ ይዞር ነበር። ሌላው እንደ ዕለት ግዴታ የተቀበለውን ድካም ማኮይ እንደ ምሕንድስና ጥያቄ ተመለከተው። በ1872 በእንፋሎቱ ግፊት እየታገዘ ዘይትን ወደ ሲሊንደሩ በራሱ የሚያደርስ መሣሪያ ሠርቶ የፈጠራ መብት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ 57 ያህል የፈጠራ መብቶች በስሙ ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹም ማለስለሻን የሚመለከቱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ለሥራው የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት የብዙዎቹን መብት ለሌሎች አሳልፎ ስለ ሰጠ ከትርፉ የደረሰው ጥቂት ነው።

የባቡሮች እንፋሎት ከቀድሞው ይልቅ እጅግ እየጋለ ሲሄድ ዘይት ብቻውን የማይቋቋመው ሙቀት መጣ። ማኮይ በ1915 የፈጠራ መብት ባገኘበት መሣሪያ የግራፋይት ዱቄትን ከዘይት ጋር አዋሕዶ ለዚህ መፍትሔ አበጀለት። በ1920 በዲትሮይት በስሙ የሚጠራ ኩባንያ አቋቋመ። በ1922 ግን ከባለቤቱ ጋር የመኪና አደጋ ደረሰባቸው፤ እርሱም ክፉኛ ተጎዳ። በ1929፣ በ85 ዓመቱ፣ ዲትሮይት አቅራቢያ በሚገኘው በኤሎይዝ የሕሙማን መጠለያ አረፈ። በ2012 በዲትሮይት የተከፈተው የአሜሪካ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ በስሙ ተሰይሟል።

የማኮይ ትምህርት ዛሬም ለከባድ መኪና ባለሙያ ይሠራል። ሃይፖይድ የተባለው የዲፈረንሻል ጥርስ በከባድ ጭነት ሥር እየተንሸራተተ ስለሚፋተግ የዘይቱ ስስ ሽፋን ብቻውን አይበቃውም፤ እንደ ግራፋይቱ ሁሉ ድኝና ፎስፎረስ ያለበት ቅመም ያሻዋል። ጂ.ኤል. 5 የሚባለው ደረጃ የተወጠነው ለዚህ ነው። በኬሚካዊ ዘዴ የሚሠራው ሲንተቲክ ዘይትም በብርድ ጊዜ ቶሎ ይፈስሳል፤ በሙቀት ጊዜ ውፍረቱን ይጠብቃል። ነገር ግን ለዲፈረንሻል የበጀ ዘይት ለሁሉም ይበጃል ማለት አይደለም። ኃይልን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ኬዝ በአንዳንዱ መኪና የማርሽ ዘይት፣ በሌላው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይፈልጋል። ጠንካራው ቅመምም በአንዳንድ ካምቢዮ ውስጥ ያለውን የነሐስ ቀለበት ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲህ የዘይት ምርጫ በዋጋ ወይም በስም አይወሰንም። ብረቱ የሚሠራበትን ሙቀትና ጭነት፣ የሠሪውንም ፋብሪካ መመሪያ መርምሮ ተገቢውን ዘይት ወደ ተገቢው ሥፍራ ማድረስ ይገባል። የዘይት ቆርቆሮ አስይዘው ከመሐንዲስነት ሊያርቁት የፈለጉት ሰው ምሕንድስናውን ያገኘው በዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ነበር።