ትንሹ ኳርተርባክ ዴቪ ኦብራየን

በዚህ እትም የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ የምናቀርብላችሁ ስፖርተኛ አሜሪካዊው ዴቪ ኦብራየን ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1917 በቴክሳስ፣ በዳላስ ከተማ ነው።

አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት እኛ ከምናውቀው የተለየ ነው። እንቁላል መሰሉ ኳስ በአብዛኛው በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል። ኳርተርባክ የሚባለው ጨዋታውን የሚመራው ሰው ሲሆን፣ ኳሱን ለጓደኛው ያቀብላል፣ አሻግሮ ይወረውራል ወይም ራሱ ይዞ ይሮጣል፤ ግዙፎቹ ተጋጣሚዎችም እሱን ለመጣል ይሽቀዳደማሉ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 68 ኪሎ ያህል ለነበረው ዴቪ ይህ ቦታ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ቦታውን የያዘው ስመ ጥሩው ወርዋሪ ሳሚ ባው ነበር። ስለዚህ ዴቪ በ1936 ተጠባባቂ ሆኖ ተራውን ጠበቀ። ተራው ደርሶ በ1938 ቡድኑን ሲመራ 10 ግጥሚያዎች ተደርገው አሥሩም በድል ተጠናቀቁ፤ ነጥብ ያስገኙ 19 ኳሶችም ወረወረ። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ የሃይዝማንን ሽልማት አገኘ። በጥር 1939 በኒው ኦርሊንስ ከካርኔጊ ቴክ ጋር በተደረገው ጨዋታ ቡድኑ እስከ እረፍት 7 ለ 6 ቢመራም 15 ለ 7 አሸነፈ። ከነዚህም 3ቱን ነጥብ ዴቪ በእግሩ መትቶ አስገኘ።

እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ፊላዴልፊያ ኢግልስ የተባለው ቡድን ቀጠረው። በ1939 በውርወራ ርቀት ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ በልጦ 1,324 ያርድ ቢያስመዘግብም፣ ቡድኑ ከ11 ግጥሚያ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ! የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው በታኅሣሥ ወር 1940፣ ያኔ ተራውን ይጠብቅለት የነበረው ባው ከሚጫወትበት የዋሽንግተን ቡድን ጋር ነው። ያን ቀን 60 ጊዜ ወረወረ፤ 33ቱ ከጓደኞቹ እጅ ገቡ፤ 316 ያርድም ሆኑ። ቡድኑ ግን 13 ለ 6 ተሸነፈ።

ዴቪ በ23 ዓመቱ ጨዋታውን ትቶ በኤፍ ቢ አይ ተቀጠረ፤ እዚያም የጦር መሣሪያ አሠልጣኝ እየሆነ አሥር ዓመት ያህል አገለገለ። በ1977 አረፈ። ከ1981 ጀምሮ ለኮሌጅ ምርጥ ኳርተርባክ በየዓመቱ የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ይጠራል፤ ከተሸላሚዎቹም ብዙዎቹ በቁመት ይበልጡታል።