ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና የአባታቸው መቃብር

ሰው ካለፈ በኋላ ስሙን የሚያስጠራው ሠርቶት የሄደው ሥራ ነው። ስለ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ግን አዘውትሮ የሚነገረው ስለ ጾማቸውና ስለ ጸሎታቸው ነው። እኛም በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምንማር ልጆች ስማቸውን የምንሰማው ሆስፒታሉ ሲጠራ ነው እንጂ፥ ራሳቸው ስላሠሩት ትልቅ ሕንፃ የምናውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ የሕይወታቸውን ታሪክ ባጭሩ ልጽፍ ተነሣሁ።

ዘውዲቱ ምኒልክ ሚያዝያ 22 ቀን 1868 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። በ1875 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳሉ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ጋብቻው በሁለቱ ነገሥታት መካከል የተደረገውን ስምምነት ለማጽናት ነበር። ራስ አርአያ ሥላሴ ግን በ1880 ዓ.ም. ስለ ሞቱ፥ ዘውዲቱ በልጅነታቸው መበለት ሆነው ወደ አባታቸው ተመለሱ። ከዚህ በኋላ ሌላ ትዳር ይዘው፥ በመጨረሻም ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። የወለዱት ልጅ ግን አልቆመላቸውም።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። አገሩ እንዳይታወክ ተብሎ ሞታቸው ተሸሸገ፤ አስከሬናቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ በምስጢር ተቀመጠ። የአድዋው ድል አድራጊ እንደ ማዕርጋቸው ሳይለቀስላቸው ቀሩ። ዘውዲቱም በልጅ ኢያሱ ዘመን ከከተማ ርቀው በፋሌ እንዲቀመጡ ተደረገ። አባቱን በወጉ ሳያለቅስና ሳይቀብር የቀረ ልጅ ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ደጃዝማች ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የዘውዱ በዓል የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ተፈጸመ። ዘውዱ ግን ዋጋ ነበረው፤ ንግሥቲቱ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ተለዩ፥ ራስ ጉግሣም በጌምድርን ሊገዙ ሄዱ።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ በአዳዲስ ሕንፃ ትታነጽ ነበር። አልጋ ወራሹ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከፈቱ፤ የባቡር ጣቢያው ሕንፃም በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ንግሥቲቱ በበኩላቸው የታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን ለአባታቸው መቃብር እንዲሆን አሠሩ። ንድፉን ያወጣው ካርል ሄርተል የተባለ የጀርመን መሐንዲስ ሲሆን፥ ሥራው ዐሥር ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1920 ዓ.ም. ተጠናቀቀ።

ሕንፃው በአገራችን እንደ ተለመደው ክብ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። በአራት ማዕዘን በተጠረበ ድንጋይ ታንጾ፥ በመካከሉ ትልቅ ጉልላት፥ በየማዕዘኑ ደግሞ ትንንሽ ጉልላት አለው። ዘውድ ከላይ ተቀምጦበታል፤ በውጭም ከድንጋይ የተቀረጹ አንበሶች አሉ። በደረጃ ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ የእምነ በረድ መቃብሮች ይገኛሉ። ዐፄ ምኒልክ በመካከል ናቸው፤ በ1910 ዓ.ም. ያረፉት እቴጌ ጣይቱም ከባላቸው አጠገብ ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች ንግሥቲቱን አዲስ ነገር የማይወዱ ነበሩ ይሏቸዋል። በመንግሥት ሥራ የቀድሞውን ወግ መውደዳቸው እውነት ነው። እኔ ግን ይህን ሕንፃ ሳየው ነገሩ እንዲህ ቀላል አይመስለኝም። የባዕድ አገር መሐንዲስ ጥበብና ለከተማው እንግዳ የሆነ አሠራር ሳያስፈራቸው፥ የቆየውን የልጅነት ግዴታ ፈጸሙበት። ከአዲሱ ጥበብ የሚጠቅመውን ወስዶ የራስን ወግ ማክበር እንደሚቻል ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል።

የመጨረሻው ሐዘናቸው በ1922 ዓ.ም. መጣ። ራስ ጉግሣ ሸፍተው ከመንግሥት ጦር ጋር በአንቺም ተዋጉ፤ መጋቢት 22 ቀንም ሞቱ። ታመው የነበሩት ንግሥትም ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 24 ቀን ዐረፉ። የተቀበሩትም ራሳቸው ባሠሩት ቤት፥ በአባታቸው ጎን ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት አካባቢ ስትሄዱ በዓታን ሳታዩ አትለፉ። ንግሥቲቱ ልጅ ባይቆምላቸውም፥ ለአባታቸው ያደረጉት ነገር ስማቸውን እያስጠራ ይኖራል።