ዣን ራሲንና የሴን ሲር ተማሪዎች

በዓል ሲቃረብ ወይም የትምህርት ዘመን ሊዘጋ ሲል በየትምህርት ቤቱ ቴአትር ይዘጋጃል። ወንበሩ ከየክፍሉ ይሰበሰባል፤ አንሶላው መጋረጃ ይሆናል፤ ትናንት የቤት ሥራህን አልሠራህም ተብሎ የተገሠጸው ልጅ ዛሬ ዘውድ ደፍቶ ከዙፋን ላይ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይህን የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ያልፈዋል። ዳሩ ግን በአገራችን የቴአትር ሥራ እንዲለመድ ካደረጉት ሰዎች መካከል እነ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና እነ መላኩ በጎሰው ተማሪዎችን እያሠለጠኑ የሠሩ መምህራን እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ሰው ነገሩን እንዲህ አቃሎ አይመለከተውም። በፈረንሳይ አገርም እስከ ዛሬ ከሚደነቁት ድርሰቶች ሁለቱ የተጻፉት ለአንድ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ደራሲው ዣን ራሲን ይባላል። የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ፣ ይልቁንም ከተማሪዎቹ ጋር ያሳለፈውን ጊዜ፣ በዛሬው ጽሑፋችን ባጭሩ እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ራሲን በ1639 ዓ.ም. ላ ፌርቴ ሚሎን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አራት ዓመት ሳይሞላው እናቱም አባቱም ስለ ሞቱበት አያቶቹ አሳደጉት። ወንድ አያቱ ካረፉ በኋላ ሴት አያቱ ፖር ሩዋያል ወደሚባለው የሴቶች ገዳም ገቡ፤ ልጁም በገዳሙ አጠገብ የሚኖሩ ሊቃውንት ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ተማረ። እነዚህ ሊቃውንት ዓለምን ንቀው የተለዩ፣ በሃይማኖት ጥብቅ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። የግሪክ ቋንቋ በሚገባ ስላስተማሩት ራሲን እነ ሶፎክልስንና እነ ኤውሪጲደስን በገዛ ቋንቋቸው ለማንበብ ቻለ። ነገር ግን እነዚሁ መምህራን ቴአትርን የነፍስ ጥፋት ነው ብለው ያወግዙ ነበር። እንግዲህ መድረክን የሚወድበትን ዕውቀት የሰጠው ቤትና መድረክን የሚጠላው ቤት አንድ ቤት ነበር። የሕይወቱ ፈተና የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ጐልማሳው ራሲን ወደ ፓሪስ ሄዶ መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያ ቴአትሩን በ1664 ዓ.ም. ያሳየለት ስመ ጥሩው ሞልየር ነው። በሚከተለው ዓመት ግን ራሲን፣ የሞልየር ሰዎች የሚጫወቱትን ሁለተኛ ድርሰቱን በዚያው ሰሞን ለተፎካካሪ ጓድ ስለ ሰጠ ወዳጅነታቸው ፈረሰ። ከዚያም ከፖር ሩዋያል መምህራን አንዱ ኒኮል የቴአትር ደራስያንን የነፍስ መርዘኞች አድርጎ በጻፈ ጊዜ፣ ራሲን እኔን ነካኝ ብሎ ባሳደጉት ሰዎች ላይ የሚያሾፍ ደብዳቤ አሳተመ። በዚህ ሥራው ኋላ እጅግ አፍሮበታል። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ ወጣት ነበረ፤ ዝናም ይጣራ ነበር።

ዝናውም አልዘገየም። በ1667 ዓ.ም. «አንድሮማክ» የተባለው ቴአትሩ ሲታይ ፓሪስ ተደነቀች። ከዚያ በኋላ «ብሪታኒኩስ»፣ «ቤሬኒስ»፣ «ኢፊጄኒ» እየተከታተሉ ወጡ። በ33 ዓመቱ የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1677 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን «ፌድር» በወጣ ጊዜ ጠላቶቹ ተማክረው፣ በዚያው አርእስት ሌላ ሰው የጻፈውን ቴአትር ከሁለት ቀን በኋላ አሳዩበት። ነገሩ ወደ ስድብና ወደ ዛቻ ደረሰ። በዚያው ዓመት ራሲን ትዳር ያዘ፤ ከጓደኛው ከባለቅኔው ከቡዋሎ ጋር የንጉሡ የሉዊ 14ኛ ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ፤ ከቀድሞ መምህራኑም ጋር ታረቀ። ለመድረክ መጻፉንም ተወ። በዕውቀቱም በዝናውም ጫፍ ላይ ሳለ፣ ገና በ37 ዓመቱ፣ ብዕሩን ከቴአትር አነሣ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመትም እንዲሁ ዝም አለ።

ይህን ዝምታ የሰበረው ቤተ መንግሥትም የፓሪስ ሕዝብም አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ነበረ።

ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት አጠገብ ሴን ሲር በሚባል ስፍራ፣ ንጉሡ በምስጢር ያገቧቸው ማዳም ደ ማንትኖን፣ በ1686 ዓ.ም. አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አስከፍተው ነበር። በዚያ የሚማሩት ድኻ የሆኑ የመኳንንት ሴቶች ልጆች ሲሆኑ ቍጥራቸው 250 ነበር። በዕድሜያቸው በአራት ክፍል ተመድበው፣ ታናናሾቹ ቀይ፣ ቀጥሎ ያሉት አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ታላላቆቹ ደግሞ ሰማያዊ ጥብጣብ ያስሩ ነበር። ማዳም ደ ማንትኖን ራሳቸው በድህነት ያደጉ ሴት ስለ ነበሩ፣ ልጆቹ ጸሎትና ስፌት ብቻ ሳይሆን የቋንቋ ለዛና በሰው ፊት ደፍሮ መናገርን እንዲማሩ ፈለጉ። ለዚህም ቴአትር ጥሩ መሣሪያ መስሎ ታያቸው።

መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ አለቃ የጻፏቸው ትንንሽ ጨዋታዎች ተሞከሩ፤ ግን ጣዕም አልነበራቸውም። ቀጥሎ የራሲን «አንድሮማክ» ተሰጠ። ይህ ደግሞ ሌላ ችግር አመጣ። ልጃገረዶቹ የፍቅርንና የቅናትን ቃል እንዲህ አሳምረው ስለ ተናገሩት ማዳም ደ ማንትኖን ደነገጡ፤ ከእንግዲህ ይህን ቴአትር እንደማይጫወቱ ለደራሲው ጻፉለት። ፍቅር የሌለበት፣ መንፈሳዊ የሆነ፣ ለልጆች የሚስማማ ነገር እንዲጽፍላቸውም ለመኑት። ራሲን ተጨነቀ። እንቢ ቢል የንጉሡን ባለቤት ማስቀየም ነው፤ እሺ ቢል ለልጆች ጨዋታ ስሙን ማቅለል መሰለው። ቡዋሎም እንዲተወው መከረው። ራሲን ግን ነገሩን ሲያሰላስል ሰንብቶ መጽሐፍ ቅዱስን ገለጠ፤ የአስቴርንም ታሪክ አገኘ።

«አስቴር» ሦስት ክፍል ያለው፣ በመካከሉ የልጃገረዶች መዝሙር የሚሰማበት ድርሰት ነው። የመዝሙሩን ዜማ ሞሮ የተባለ ሙዚቀኛ ደረሰ። ይህ አሠራር ራሲን በልጅነቱ ከተማረው ከጥንታዊው የግሪክ ቴአትር የተወሰደ ነው። ንጉሡ አርጤክስስም፣ ክፉው ሐማም፣ መርዶክዮስም ሴቶች ተማሪዎች ነበሩ። ደራሲው ራሱ እየሄደ ድምፅ ማንሣትን፣ ማሳረፍን፣ መተንፈስን አስተማራቸው። መርዶክዮስን የተጫወተችው ልጅ ድምፅዋ ልብ የሚነካ ስለ ነበረ ራሲን እጅግ ተደስቶባት ነበር፤ ይህች ልጅ በኋላ የትምህርት ቤቱ አለቃ ለመሆን በቅታለች።

ጥር 26 ቀን 1689 ዓ.ም. ቴአትሩ በንጉሡ ፊት ታየ። ልጆቹ ዕንቍና አልማዝ የተሰፋበት፣ ቀድሞ ለንጉሡ ጭፈራ ያገለገለ የፋርስ ልብስ ለበሱ። ንጉሡ እጅግ ስለ ወደዱት ደጋግሞ እንዲታይ አዘዙ። ከዚያ በኋላ ያ ሰሞን የቤተ መንግሥቱ ወሬ ሁሉ የተማሪዎቹ ቴአትር ሆነ። ጳጳሳትና መኳንንት ቦታ ለማግኘት ደጅ ጠኑ፤ ከአገራቸው የተሰደዱት የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ጀምስም ከንግሥታቸው ጋር መጥተው አዩ። ሉዊ 14ኛ ራሳቸው የእንግዶችን ስም ዝርዝር ይዘው፣ በትራቸውን በበሩ ላይ ጋርደው፣ የተጠራውን እያስገቡ ያልተጠራውን ይመልሱ እንደ ነበር ይነገራል።

ተመልካቾቹም ከሰሙ ይልቅ ወርቁን ይፈልጉ ነበር። አስቴር ማዳም ደ ማንትኖን ናቸው፤ የተሻረችው አስጢን የንጉሡ የቀድሞ ወዳጅ ማዳም ደ ሞንተስፓን ናት፤ ሐማም ከሚኒስትሮቹ አንዱ ነው እያሉ ያንሾካሹኩ ነበር። ራሲን ይህን ያስብ አያስብ እርሱ ያውቃል። እኛን የበለጠ የሚነካን ግን በመጋረጃው ኋላ የሆነው ነው። አንዲት ተማሪ መድረክ ላይ ቃሉ ጠፋባት። ስትወጣ ራሲን ቴአትሬን አበላሸሽብኝ ብሎ ቢቈጣት ልጅቱ አለቀሰች። እሱም ደንግጦ መሐረቡን አወጣና እንባዋን ይጠርግላት ጀመር፤ ሲጠርግላትም እሱ ራሱ አለቀሰ። ልጅቱ ዓይንዋ እንደ ቀላ ተመልሳ መድረክ ላይ ወጣች። ለዐሥራ ሁለት ዓመት ቴአትርን ተውሁ ያለው ሰው ልቡ የት እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ዳሩ ግን የዚያ ሰሞን ደስታ ዋጋ አስከፈለ። የሚወደሱትና የሚታዩት ልጆች ኰሩ። ድምፃችን ይበላሻል በማለት በቤተ ክርስቲያን መዘመርን የጠሉ ነበሩ። ወጣት መኳንንት ዓይናቸውን ጣሉባቸው። ካህናቱም ልጃገረዶችን እንዲህ አስጊጦ ለሰው ዓይን ማቅረብ አይገባም እያሉ ነቀፉ። ማዳም ደ ማንትኖንም ያቋቋሙት ቤት ከእጃቸው ሲያመልጥ ታያቸው።

ራሲን በዚያን ጊዜ ሁለተኛውን ድርሰት ይጽፍ ነበር። ይኸውም ከመጽሐፈ ነገሥት የተወሰደው፣ የንጉሥ ዘር ያጠፋች የጎቶልያና በቤተ መቅደስ ተሸሽጎ ያደገው የሕፃኑ የኢዮአስ ታሪክ ነው። አባትና እናት የሌለው፣ በሃይማኖት ሰዎች ቤት ያደገ ልጅ ለራሲን እንግዳ አልነበረም። «ጎቶልያ» ባለቀ ጊዜ ግን የተዘጋጀለት መድረክ አልነበረም። በጥር ወር 1691 ዓ.ም. ልጆቹ በተማሪነት ልብሳቸው፣ ጌጥም ሥዕልም በሌለበት ክፍል፣ በንጉሡና በጥቂት ሰዎች ፊት አነበነቡት፤ ከዚያ በኋላም ጥቂት ጊዜ እንዲሁ ታየ። መጽሐፉ ሲታተም የፓሪስ ሰዎች ለልጆች የተጻፈ ነው ብለው ናቁት፤ የሚያሾፉበትም ነበሩ። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ብሎ ያጽናናው ቡዋሎ ነበር። በ1692 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ወደ ገዳም ሥርዐት ተለወጠ። ራሲንም ከዚያ በኋላ ለቴአትር አልጻፈም።

ቀሪ ዘመኑን ሰባት ልጆቹን በማሳደግና በንጉሡ አገልግሎት አሳለፈ። ንጉሡ የማይወዱትን የፖር ሩዋያልን ታሪክም በስውር ጻፈ። ሚያዝያ 21 ቀን 1699 ዓ.ም. ሲሞት 59 ዓመቱ ነበር። በኑዛዜውም በፖር ሩዋያል፣ በልጅነቱ ካስተማሩት ሰዎች በአንዱ በአሞን እግር ሥር እንዲቀብሩት ለመነ። ገዳሙ በንጉሡ ትእዛዝ በፈረሰ ጊዜ ዐፅሙ በ1711 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ተወሰደ። «ጎቶልያ» በሕዝብ ቴአትር ቤት የታየው ደራሲው ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1716 ዓ.ም. ነው፤ የተናቀውም ድርሰት ከፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹ እንደ አንዱ ተቈጠረ። የሴን ሲር ተማሪ ቤት በአብዮቱ ጊዜ በ1793 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ኋላ ናፖሌዎን የጦር ትምህርት ቤቱን ወደዚያ ስላዛወረው ስፍራው በዓለም የታወቀው በዚህ ሆነ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ቴአትር ለተማሪ ጐጂ መሆኑን አይደለም። ያ ሰሞን ልጆቹን የጐዳቸው ድርሰቱ ሳይሆን ያበደረው ዕንቍ፣ የተጠራው እንግዳና ከልክ ያለፈው ውዳሴ ነው። ልጆቹ የታዘዙትን አሳምረው ሠሩ፤ ጥፋቱ የታላላቆቹ ሲሆን ቅጣቱ ግን በልጆቹ ላይ ወደቀ። ደግሞም ከሁለቱ ድርሰቶች የሚበልጠው ያለ ጌጥና ያለ መጋረጃ፣ በተማሪ ልብስ የተነገረው ነው። እንግዲህ መጋረጃው አንሶላ፣ ዘውዱ ካርቶን ነው ብሎ የሚያፍር ተማሪ ይህን ያስብ። በፊተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚጋበዘው ወጣት ሹምም፣ መድረኩ ለልጆቹ መማሪያ እንጂ ለእንግዳው ክብር ማሳያ አለመሆኑን አይርሳ።